መርዶ በርእስ አይነገርም

በሥራ ዘመኔ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የምወደው አርብን ነበር፤ የምሳ ሰዓቱ ስለሚረዝም። መሥሪያ ቤት አምስት ሰዓት ተኩል ይዘጋና ሰባት ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ሙስሊም ባልደረቦቼ ወደ መስጊድ ሲያመሩ እኔ የሚዛን ተፈሪን ጭቃ እየዘለልኩ ወደ አከራዬ ቤት እሮጣለሁ። አከራዬ ዲሽ አላቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ በአንድ የዐረብ ጣቢያ የጠፈር ተከታታይ ፊልሜ በድጋሚ ይታያል።

"ፊልሜ" አልኩ፤ እኔ የሠራሁት እስኪመስለኝ ድረስ ይዞኝ ነበርና። መንገድ የጠፋባት አንዲት መንኮራኩር ናት። የተሳፈሩባት ሰዎች ወደ ቤት የሚመልሳቸውን መንገድ ይፈልጋሉ። በየሳምንቱ አንድ የማያውቁት ዓለም ላይ ያርፋሉ፣ የማይሆን ነገር ይገጥማቸዋል፣ ደግሞ ይነሣሉ። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የኮምፒውተር ጸሐፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ "ጉዳዩ፦" ብዬ ጀምሬ "ከሰላምታ ጋር" ብዬ እዘጋለሁ። ወንበሩ ይቆረቁረኛል፣ ከተማው ይጠበኛል። ከሚዛን ቴፒ፣ ከቴፒ ጌጫ፣ ከጌጫ ማሻ፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው መንገድ አልነበረም። የመንኮራኩሯ ሰዎች ቢጠፉም ይሄዳሉ። የሚሄድ ሰው ያስቀናኝ ነበር።

አከራዬ ጸሎተኛ ሴት ናቸው፤ ዲሹን ያስተከሉት ለመዝሙር ጣቢያ ነው። አርብ አርብ እንድቀይረው የፈቀዱልኝ የመዘምራኑን ወረቀት በነፃ ስለምተይብላቸው ነበር። ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ የተሰጣ ቡናቸውን እያገላበጡ በመስኮት ብቅ ይሉና "ዛሬም አልወረዱም?" ይሉኛል። አልወረዱም እላቸዋለሁ። "ታዲያ ምን ይበላሉ?" ይሉኛል ደግሞ። እኔ አስቤው የማላውቀው ጥያቄ ነው፤ ሲመጣብኝ ያናድደኝ ነበር።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ከተማችን ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ተከፈተ። ሦስት ኮምፒውተርና አንድ የስልክ መስመር ነበረው። ነፃ ድረ ገጽ እንዴት እንደሚከፈት ጠይቄ ተማርኩና ስለ ፊልሙ በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። አርብ ያየሁትን ከሰዓት በኋላ፣ አለቃዬ ስብሰባ እስኪገቡ ጠብቄ እተይባለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት በፍላሽ ወስጄ አወጣዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ከሥር የሚጻፈው ደግሞ ዐረብኛ ነው። ስለዚህ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ያልገባኝን ከፊታቸው አነባለሁ። የአማርኛ ፊደል በሌለው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ገጼ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር። እንደዚያም ሆኖ አንባቢ አገኘሁ፤ ማሻ የምትሠራ አንዲት ነርስ፣ አዲስ አበባ ያሉ ጥቂት ተማሪዎች፣ ቴፒ ያሉ አንድ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር።

መምህሩን ጋሼ ነው የምላቸው። ፊልሙን ያዩበት የነበረው ሻይ ቤት ኳስ ብቻ ማሳየት ሲጀምር ታሪኩ ከመሃል ተቋረጠባቸው። ስክሪን ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ልጃቸው ገጼን ከነአስተያየቱ አሳትማ ትወስድላቸዋለች። እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ያርሙታል። ከዚያ ፖስታ ውስጥ ከትተው ለሚኒባስ ረዳት ይሰጡና ሚዛን መናኸሪያ ድረስ ይልኩልኛል። የመጀመሪያው ሲደርሰኝ ከላይ "ውድ ወንድሜ" ይላል፤ ከሥሩ ከአሥር አራት ተሰጥቶኛል።

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ መቀመጥ አልችልም፤ ያን ቀን ከመናኸሪያ እስከ ገበያው ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ማን አርሙልኝ አላቸው? ሐኪምን በሃሌታው ሀ ጻፍሽ ብሎ ነጥብ መቀነስ ምን የሚሉት ነው? እኛ ቤት የሚነገረው ቤንችኛ ነው። በቤንችኛ ድምፅን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብቻ ቃሉን ሌላ ቃል ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ቋንቋ ላደገ ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሦስት ሀዎች ለምን እንዳስፈለጉ ማን ያስረዳው? ሴት መሆኔንም አልነገርኳቸውም፤ ይበላቸው ብዬ።

ከሁሉም ያበገነኝ የመንገድ መሪው ጉዳይ ነበር። መንገድ መሪው የመንኮራኩሯን ካርታ የሚሠራ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከአዛዡ ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውል ግትር ሽማግሌ ነው። እኔ "መንገድ መሪው እንዲህ አለ" ብዬ ጽፌያለሁ። ጋሼ እያንዳንዷን "አለ" አስምረውባት "አሉ" ብለዋል። ጠርዙ ላይ "የሸበተ ሰው አይደፈርም፤ ጠፈር ላይም ቢሆን" የሚል ጽፈዋል። ይህኛው ልክ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው በገጼ ላይ አንቱ ሆነ። አሁን የሚያርመኝ ስለሌለ እዚህ ላይ "እሱ" እለዋለሁ።

በሦስተኛው ወር ግድም የሞተር ክፍሏ ልጅ ሞተች። ወጣት ናት፣ ሳቂታ፣ ሁላችንም የምንወዳት። እኔም እንደ ጋዜጠኛ ቀደምኩ ብዬ በትልቁ "የሞተር ክፍሏ ልጅ ሞተች" የሚል ርእስ አወጣሁ። ሰኞ ፖስታው ሲመጣ ነጥብ የለበትም። በገጹ አናት ላይ በቀይ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ "መርዶ በርእስ አይነገርም።" ከጀርባው ደግሞ ረዘም አድርገው ጽፈውልኛል። ሰው ቆሞ፣ ቁርሱን ሳይበላ፣ ብቻውን በሆነበት ሞት አይነገረውም፤ አንተን ማን አሳደገህ የሚል ነበር ነገሩ።

ያሳደገኝ ሰው ነበረኝ። በዚህ ግን አልተናደድኩም፣ አፈርኩ። እኛ ቤት አያቴ የሞቱ ጊዜ ለእናቴ እንዴት እንደተነገራት አውቃለሁ፤ መጀመሪያ "ትንሽ አሟቸዋል" ተባለች፣ በሁለተኛው ቀን "ጠንቶባቸዋል"፣ በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ መጣ። ስለዚህ በገጼ ላይ ደንብ አወጣሁ። ማንም ቢሞት በመጀመሪያው ሳምንት "ታመዋል" እላለሁ፤ በሁለተኛው "ጠንቶባቸዋል"፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ማለዳ፣ ኢንተርኔት ቤቱ ገና ሲከፈት፣ ርእስ በሌለው ጽሑፍ አረዳለሁ። አንባቢ ወደደው። ከአስተያየቱ ሥር "እግዜር ያጽናችሁ" እየተባባልን እንጽፍ ነበር፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ግን አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ተጠራሁ። የጋሼ ልጅ ነበረች። ድምፄን ስትሰማ አንቺ ነሽ እንዴ የምትጽፊው አለችኝ፤ አባቷ "ወንድሜ" እያሉ ይጽፉልኝ ስለነበር ወንድ መስያት ኖሯል። ከዚያ የደወለችበትን ነገረችኝ። የአባቷ ልብ ደክሟል፤ በማግስቱ ወደ ጅማ ሆስፒታል ሊወስዷቸው ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሎ አስጠንቅቋል። ባለፈው አርብ መንገድ መሪው ደረቱን ይዞ ወድቆ ነበር ክፍሉ ያለቀው። እኔም እንዳየሁት ጽፌዋለሁ፤ እሳቸውም አንብበውታል።

"አባባ «መንገድ መሪው ቤታቸው ሳይገቡ እኔ የትም አልሄድም» ይላል" አለችኝ። "ሽማግሌው ቢሞቱ እባክሽ አትጻፊው።"

እኔ ያላየሁትን አልጽፍም፣ ያየሁትንም አልደብቅም አልኳት። ያለኝ ኩራት ይኸው ነበር፤ ደብዳቤውም፣ ወንበሩም፣ ዲሹም የሰው ነው፣ ገጹ ግን የእኔ ነው፤ በገጼ ላይ ደግሞ ውሸት ጽፌ አላውቅም።

"ስለ ፊልሙ አይደለም የምለምንሽ" አለች። "ስለ አባቴ ነው።"

እስከ አርብ ድረስ አንድ ቦታ አልተቀመጥኩም። የአለቃዬን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አበላሸሁ። አርብ ደግሞ መብራት እንዲጠፋ ተመኘሁ። ሌላ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን የሚጠፋው መብራት ያን ዕለት ዓይኑን ሳያርገበግብ ዋለ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ መንገድ መሪው ካርታው ላይ እንደተደፋ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለአዛዡ አራት ወይም አምስት ቃል ተናገረ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር ምን እንዳለ አልገባኝም። አዛዡ ግን ፊቱን አዞረ። አከራዬ በመስኮት ብቅ ብለው ሳለቅስ ሲያዩኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚበሉ አልጠየቁኝም። ማን እንደሞተ ጠየቁኝ።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ "መንገድ መሪው እንደደከሙ ናቸው፤ ዛሬ ግን ትንሽ ሻይ ጠጥተዋል።"

ማሻ ያለችው ነርስ የራሷ ዲሽ አላት። ቅዳሜ ዕለት ከገጼ ሥር ይሄ ምን ዓይነት ዓይን ነው፣ ሰውየው እኮ ተቀብረዋል ብላ ጻፈች። አጠፋሁትና በኢሜይል ነገሩን ገለጥኩላት። መልሷ ከሦስት ቀን በኋላ መጣ። ስለ እውነት አንድ ቃል አላነሣችም። እግራቸው አብጧል ወይ፣ ትራሳቸውን ከፍ አድርገውላቸዋል ወይ፣ ጨው መከልከል አለባቸው ነው የምትለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከገጼ ሥር "እኔም አየኋቸው፤ የእግራቸው እብጠት ጎድሏል" ብላ ጻፈች። ለአዲስ አበባዎቹም አንድ በአንድ በኢሜይል ነገርኳቸው። አንዱ ሲራመዱ አየኋቸው አለ፣ ሌላው ከአዛዡ ጋር መጨቃጨቅ ጀምረዋል አለ። አንድ የሞተ ሰው በአንድ ድረ ገጽ ላይ ይህን ያህል አስታማሚ ያገኘ አይመስለኝም።

ጋሼ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጅማ ተመለሱ። ፖስታው እንደገና ይመጣ ጀመር። ያልጠበቅሁት ግን ነጥቤ መጨመሩ ነው። ከአሥር ሰባት፣ ከአሥር ስምንት፣ በአምስተኛው ሳምንት ከአሥር ዘጠኝ። እውነት ስጽፍ አራት የሰጡኝ ሰው ለውሸቴ ዘጠኝ ሲሰጡኝ መጀመሪያ ኮራሁ፤ ቆይቶ ነጥቡን ማየት ጠላሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ደግሞ በየቀኑ እንዳይነጋ የምታገል ሰው ሆንኩ። ሽማግሌውን አድኜ ቤቱ እንዳላስገባው መንኮራኩሯ ገና መንገድ ላይ ናት፤ እንዳልገድለው ቴፒ ላይ የሚመጣውን እፈራለሁ። ሲርበኝ ሳልበላ፣ ሰው ሲያናግረኝ ሳልሰማ ከቤት መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ኢንተርኔት ቤት እመላለሳለሁ። አለቃዬ አግቢና ይውጣልሽ አሉኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከተማሪዎቹ አንዱ ረሳና "ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሽማግሌው ይህን ቢያዩ ይስቁ ነበር" ብሎ ጻፈ። ያየሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ላጠፋው ስል መስመሩ ተቋረጠ። ዝናቡ ይወርዳል፤ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ይጠብቁ ይላል፤ የጋሼ ልጅ ገጹን የምታሳትመው ቅዳሜ ጠዋት ነው። በባጃጅ ሄጄ ከአንድ ሱቅ ስልክ ደወልኩላት፤ አላነሣችም። ተመልሼ ደጁ ላይ ዝናብ እየመታኝ ቆምኩ። ባለቤቱ ገብቼ እንድቀመጥ ቢለምነኝ ሰደብኩት። መስመሩ የተመለሰው አምስት ሰዓት ላይ ነበር።

ሰኞ ፖስታው መጣ። የአስተያየቱ ገጽ ላይ አንዲትም ቀይ ምልክት የለም። አላዩትም ማለት ነው ብዬ ተነፈስኩ። ነጥቡ ከአሥር አሥር ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ፖስታው ውስጥ የታተመ ገጽ አልነበረም። አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው ያለው፤ "ልጄ፣ እሑድ ማለዳ ቴፒ ድረስ ነዪ። ደህና ነኝ፤ አትደንግጪ።" ሴት መሆኔን ልጃቸው ነግራቸው ኖሯል። እኛ አገር አትደንግጪ የተባለ ሰው የማይደነግጥ ከሆነ ያልተወለደ ነው። ልጃቸው ጋ ብደውል ለምን እንደጠሩኝ እሷም አታውቅም፤ ሲያብሰለስሉ ነው የሰነበቱት አለችኝ።

እሑድ በመጀመሪያው መኪና ተነሣሁ። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ጭጋጉ ከቡናው ጫካ ላይ ገና አልተነሣም። ሹፌሩ ቡና የጫነ መኪና ሲያሳልፍ በቆመ ቁጥር ልወርድና በእግሬ ልሄድ ያምረኛል። እውነቱን ነግሬያቸው ይቅርታ ልጠይቅ አስባለሁ፤ ነግሬያቸው ቢሞቱስ ብዬ እተወዋለሁ፤ ደግሞ አስባለሁ።

ቤታቸው ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ሦስት ጎረቤቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። አለቀ፣ ገደልኳቸው አልኩ። ግን ከጎረቤቶቹ መሃል፣ ወንበር ላይ፣ ጋቢ የደረቡ ቀጭን ሽማግሌ አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ቁርስ በልተሻል?" አሉኝ።

አልበላሁም አልኳቸው። ልጃቸው ዳቦና ሻይ አቀረበች። ጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፤ ሁለታችንም ምን እንደሆነ አልገባንም። ጋሼ በልቼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ።

"እንግዲህ ሁላችንም ሟች ነን፣ ልጄ። ሰውየው አርፈዋል።"

መጀመሪያ ማንን እንደሚሉ ጠፋኝ። እሳቸው ቀስ እያሉ ቀጠሉ። ጅማ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ ልጃቸው መድኃኒት ልትገዛ በወጣችበት፣ ተራ መጠበቂያው ያለው ቴሌቪዥን ላይ ፊልሙን አይተውታል። ተመልሰው የእኔን ጽሑፍ ሲያነቡ፣ ይህች ልጅ መብራት ጠፍቶባት ሳታየው ቀርታለች፣ ሰውየው የዳኑ መስሏት ትጽፋለች አሉ። ሌሎቹ አንባቢዎችም እኔ እንዳልሰማ ብለው የሚደብቁኝ መሰላቸው። በቀይ እስክሪብቶ ሊጽፉልኝ ፈልገው ነበር፤ መርዶ ግን በወረቀት አይላክም። እያደር ቢነገራት ይሻላል ብለው ዝም አሉ። በኋላ ግን የዚያን ተማሪ አስተያየት ሲያነቡ፣ ነገ ተነገ ወዲያ ቆሜ፣ በባዶ ሆዴ፣ ብቻዬን እንደዚያ እንዳልሰማው ፈሩ። ጎረቤቶቻቸውን ለምነው ማለዳ የጠሩት ለዚህ ነው። ጎረቤቶቹ ሰውየው ጠፈርተኛ መሆኑን ያውቁ እንደሆነ እንጃ፤ ከንፈራቸውን ግን ከልባቸው መጠጡልኝ።

አለቀስኩ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ ለመንገድ መሪው ግን አልነበረም። ትንሽ ሲለቀኝ፣ ለቅሶ ላይ እንደሚጠየቀው፣ ሲሞቱ ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው። ይህን በእውነት አላውቅም ነበር።

"«እኔን አትጠብቁ፤ መንገዱን አግኝቼዋለሁ» ነው ያሉት" አሉኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሐኪሙ ድንጋጤ አይንካው ያለው ልብ ሰባት ሳምንት ሙሉ የእኔን መርዶ ለብቻው ተሸክሞ ከርሟል። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝና "አይዞሽ" አሉኝ። "እኔ እስከ ዛሬ ብቻዬን ነው ያለቀስኳቸው። አሁን ሁለት ሆንን።"